ምን ይቅር? የኮምፒዩተር ጌም የምስል ምርጫዎች አጭር ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚኤሶን ቆላ ለቅቆ የጨርጨርን ተራሮች መውጣት ሲጀምር መንገደኛውን የምትቀበለው የጭሮ ከተማ ናት። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተራራው ግርጌ በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ አካባቢው የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ መሐል አገር የሚገባበት፣ የአገር ቤት ምርት ደግሞ ወደ ወደብ የሚወርድበት መስመር ሆኖ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በዘመናችን በዚህ መስመር ከሚጓዙት ዕቃዎች መካከል ያገለገለ ኮምፒዩተር አንዱ ነው። በሌላ አገር ቢሮ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሲሠራበት የቆየ መሣሪያ በጭሮ፣ በመሰላ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ በአንድ ተማሪ እጅ ሲገባ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ቀን የትምህርት መሣሪያ ነው፤ ማታ የኳስ ሜዳና የመኪና መሽቀዳደሚያ ጎዳና ይሆናል። ይሁን እንጂ ለጽሕፈት የተሠራ መሣሪያ ጌም እንዲያሳይ ሲጠየቅ መንተባተቡ አይቀርም። ተጫዋቹ መኪናውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ምስሉ ዘግይቶ ይከተላል፤ ኳሷ ከእግር ስትነሣ ትታያለች፤ መረብ ውስጥ ስትገባ ግን በመካከሉ ያለው ጉዞዋ አይታይም።

በዚህ ጊዜ ተማሪው የጌሙን የምስል ምርጫዎች፣ በተለመደው አጠራር ሴቲንጉን፣ ይከፍታል። በዚያም የነጥብ ብዛት፣ ቴክስቸር፣ ጥላ፣ የእይታ ርቀት፣ የጠርዝ ማለስለሻ የሚሉ ረድፎችን ያገኛል። በያንዳንዱ ረድፍ ፊት ለፊት «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ብዙ ሰው ሁሉንም ወደ ዝቅተኛ አውርዶ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ ሰንጠረዥ እንዲያው በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዘመን የገጠመውን የምሕንድስና ችግርና ለችግሩ የተገኘውን መፍትሔ የሚመዘግብ የታሪክ ሰነድ ነው። ታሪኩን የተረዳ ሰው የትኛው ቢቀር እንደማይጎዳ፣ የትኛው ቢቀር ደግሞ ጨዋታው እንደሚበላሽ ለይቶ ያውቃል።

የ64,000 ነጥቦች ዘመን

በነሐሴ 1981 ለገበያ የቀረበው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ለንግድ ቤት የታሰበ ነበር። በቀለም ሲሠራ ሊያሳይ የሚችለው 320 በ200 ነጥቦችን ሲሆን በዚህ ስፋት በአንድ ጊዜ የሚታዩት ቀለማት 4 ብቻ ነበሩ። በ1987 ቪ ጂ ኤ የተባለው ሥርዓት ሲመጣ በዚያው የ320 በ200 ስፋት 256 ቀለማትን ማሳየት ተቻለ። ነጥቦቹ ተባዝተው 64,000 ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ሲመደብ አንድ ሙሉ ምስል 64,000 ባይት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ዛሬ እዚህ ግባ የማይባል ቁጥር ነው። በጊዜው ግን ይህን ያህል ባይት በሴኮንድ ሠላሳ ጊዜ እየደመሰሱ እንደገና መጻፍ ከአብዛኛው ኮምፒዩተር አቅም በላይ ነበር።

በ1990 ጆን ካርማክ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ችግሩን የተመለከተው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ ከማያው ላይ አብዛኛው ክፍል ሳይለወጥ እንደሚቀር አስተዋለ። ሰማዩ ያው ሰማይ ነው፤ ግድግዳውም ያው ግድግዳ ነው። ስለዚህ የተለወጡትን ትናንሽ ካሬዎች ብቻ እንደገና የሚሥል ዘዴ አዘጋጀ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የወጣው «ኮማንደር ኪን» የተባለው ጌም የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ያለ ልዩ መሣሪያ ምስልን አለስልሶ ማንቀሳቀስ እንደሚችል አሳየ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንዲሠራ የታዘዘው የሥራ መጠን ነው።

ካርማክና ባልደረቦቹ በታኅሣሥ 1993 ያወጡት «ዱም» ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ነው። ጌሙ በሴኮንድ ከ35 ምስል በላይ እንዳያሳይ ተገድቦ ነበር። ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ለመሣል ጊዜ እንዳይባክን በ1980 ፉክስ፣ ኬደምና ኔይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡትን ሥፍራን በሁለት በሁለት እየከፈሉ የመደርደር ስልት ተጠቀመበት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ደካማ ኮምፒዩተር ያለው ሰው እንደሚቸገር ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር። ስለሆነም ሁለት ምርጫዎችን ሰጡት። አንደኛው የእይታውን መስኮት በቁልፍ ማጥበብ ነው፤ የማያው ዙሪያ በክፈፍ ይሸፈንና ጌሙ በመካከል ባለው አነስተኛ መስኮት ይታያል። ሁለተኛው የዝርዝሩን መጠን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከሁለት ቋሚ ረድፎች አንዱን ብቻ ያሰላና ያንኑ ጎን ለጎን ይደግመዋል። ምስሉ ይሻክራል፤ የስሌቱ ሥራ ግን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

የዛሬው የምስል ምርጫ ሰንጠረዥ አባት ይህ ነው። ትርጉሙም ከቴክኒክ አልፎ የሚሄድ ነው። የዱም ሠሪዎች ጥሩ ኮምፒዩተር የሌለውን ሰው «አዲስ ግዛ» አላሉትም። ከነበራቸው የመወሰን ሥልጣን ከፍለው ሰጡት። ምን እንደሚቀር የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ሆነ።

የሰንጠረዡ ረድፎች አወላለድ

ከዚያ በኋላ በጌም ውስጥ የገቡት አብዛኞቹ ስልቶች ከብዙ ዓመታት በፊት በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት የተወለዱ ነበሩ። በ1974 ኤድዊን ካትመል በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ሥዕልን በአንድ ቅርጽ ገጽ ላይ እንደ ጨርቅ የማልበስን ዘዴ አሳየ። ዛሬ ቴክስቸር የሚባለው ረድፍ መነሻ ይህ ነው። በ1978 ላንስ ዊልያምስ ጥላ የሚፈጠርበትን መንገድ አቀረበ፤ ትዕይንቱ በመጀመሪያ ከብርሃኑ ምንጭ አንጻር ይሣላል፤ ብርሃኑ ሊያየው ያልቻለው ሥፍራ ሁሉ ጥላ ይሆናል። ይኸው ሰው በ1983 አንድን ሥዕል በልዩ ልዩ መጠን አዘጋጅቶ ለሩቁ ነገር ትንሹን፣ ለቅርቡ ትልቁን የመጠቀም ስልት ጨመረበት።

እነዚህ ስልቶች በቤት ኮምፒዩተር በስፋት ሊሠሩ የቻሉት ልዩ የምስል ካርድ ሲመጣ ነው። በ1996 ቩዱ የተባለው ካርድ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ይዞ ወጣ። በ1999 ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ጂፎርስ 256 የተሰኘውን ሲያወጣ ጂ ፒ ዩ የሚለውን ስም ለገበያ አስተዋወቀ። ካርዱ በጨመረ ቁጥር የጌም ሠሪዎች ምኞትም ጨመረ፤ ምኞት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሰንጠረዡ ረዘመ።

አቅም ሲያንስ ጉድለትን ወደ ውበት መለወጥም የዚህ ታሪክ ክፍል ነው። በ1999 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው «ሳይለንት ሂል» ከተማውን በጭጋግ ሸፈነው። መሣሪያው ሩቁን ሥፍራ ለመሣል አቅም አልነበረውም፤ ጭጋጉ ግን ጉድለቱን ሰውሮ ፍርሃትን ጨመረ። በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ሦስት ከተሞችንና በመካከላቸው ያለውን ገጠር 32 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪና 4 ሜጋባይት የምስል ሜሞሪ ባለው መሣሪያ ላይ አንሸራሸረ። ይህን ያደረገው ተጫዋቹ ያለበትን አካባቢ ብቻ እየጫነ፣ ትቶት የሄደውን እያወረደ ነው። በዓመቱ ለኮምፒዩተር ሲወጣ የእይታ ርቀትን የሚወስነው ማንሸራተቻ ለተጫዋቹ ተሰጠ።

በተቃራኒውም ከጊዜው የቀደሙ ነበሩ። በ2004 የወጣው «ዱም 3» ከሁሉ የላቀውን ደረጃውን ያዘጋጀው 512 ሜጋባይት የምስል ሜሞሪ ላለው ካርድ ሲሆን ይህን ያህል ሜሞሪ ያለው ካርድ በዚያ ወቅት በተራ ተጫዋች ቤት አይገኝም ነበር። በ2007 የወጣው «ክራይሲስ» የማዕዘናትንና የስንጥቆችን ጨለማ ከማያው ምስል ላይ የሚያሰላ አዲስ ስልት ይዞ መጣ፤ ከፍተኛ ደረጃው ግን የዘመኑን ውድ ኮምፒዩተሮች ሳይቀር አስጨነቀ። ከዚህ የምንረዳው «ከፍተኛ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ገና ላልተሠራ ኮምፒዩተር የተጻፈ መሆኑን ነው። እንግዲያው «ዝቅተኛ»ን የመረጠ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። የዛሬው ዝቅተኛ ብዙ ጊዜ የትናንቱን ከፍተኛ የሚበልጥ ነው።

የርካሽ ኮምፒዩተር ወሰኖች በጨርጨር

የስልቶቹ ታሪክ ይህ ከሆነ፣ በጭሮ ያለው ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገጥሙት ወሰኖች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምስል ካርድ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ደመወዝተኛ ወላጅ ላለው ተማሪ «ካርድ ቀይር» የሚለው ምክር ከዚያ ወዲህ ምክር መሆኑ ቀርቷል። ምርጫዎቹን አስተካክሎ መጫወት በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ብቸኛው መንገድ ሆኗል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የቢሮ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ስለሆነ ለትልቅ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ብዙ ጊዜ የለውም። ካርዱ ከተሰካበት ቦታ ብቻ የሚያገኘው ኃይል ከ75 ዋት አይበልጥም። በዚህ ወሰን ውስጥ ከሚሠሩት መካከል በ2014 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 750 ቲ አይና በ2016 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1050 ቲ አይ ይገኛሉ።

ሦስተኛው ሜሞሪ ነው። ከ2010 ጀምሮ ኢንቴል የምስል ክፍሉን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ላይ ማቅረብ በመጀመሩ፣ ለብቻው የቆመ ካርድ የሌላቸው ኮምፒዩተሮች በዙ። እንዲህ ያለው የምስል ክፍል የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ሜሞሪ ይበደራል። ከዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ባለ 2400 ዲ ዲ አር 4 ሜሞሪ በአንድ መስመር በሴኮንድ 19.2 ጊጋባይት ሲያመላልስ፣ በሁለት መስመር ግን 38.4 ጊጋባይት ያመላልሳል። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ከመሰካት ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት መሰካት ለጌም ይሻላል። የሜሞሪው መጠን ያው ነው፤ መንገዱ ግን በእጥፍ ይሰፋል።

አራተኛው ሙቀት ነው፤ ይህም ከአገሩ አቀማመጥ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት 16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ባይቀንስም፣ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የአየር ክብደት አነስተኛ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመር ፕሮሰሰሩ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጫዋቹ ጌሙ ከተጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ መንተባተብ ሲጀምር ምርጫውን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ግን አቧራ የያዘው ማራገቢያ ወይም የደረቀው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ሊሆን ይችላል። ወደ ሚኤሶ ቢወርድ አየሩ ይጠቅጠቃል፤ ነገር ግን ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ በሌላ በኩል ይጠብቀዋል።

የመተው ቅደም ተከተል

ወሰኖቹ ከታወቁ ጥያቄው ምን ይቅር የሚለው ነው። መሐንዲስ ከመቁረጡ በፊት ይለካልና በመጀመሪያ የሚፈለገው ችግሩ ከፕሮሰሰሩ ይሁን ከምስል ክፍሉ መለየት ነው። መለያው ቀላል ነው። የነጥቦቹን ብዛት ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ የተጨነቀው የምስል ክፍሉ ነው። ካልጨመረ ግን የተጨነቀው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ምስሉን ማሻከር አይጠቅምም፤ በዚህ ጊዜ የእይታ ርቀትን፣ በመንገድ ላይ የሚታዩትን ሰዎችና መኪናዎች ብዛት መቀነስ ይገባል።

የምስል ክፍሉ ከሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው። 1920 በ1080 ያለው ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። በሴኮንድ 60 ጊዜ ይሣል ቢባል ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ማስላት ነው፤ የዱም 64,000 ነጥብ በ35 ቢባዛ ግን ከ2.3 ሚሊዮን አይደርስም ነበር። ስፋቱ ወደ 1600 በ900 ሲወርድ ሥራው ወደ 69 በመቶ፣ ወደ 1280 በ720 ሲወርድ ወደ 44 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ከሁሉ ኃይለኛው መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ምስሉን በሙሉ ስለሚነካ በመጨረሻ ቢመዘዝ ይሻላል።

ከእርሱ በፊት ጥላ ይታይ። ከላይ እንደተገለጸው የጥላ ስልት ትዕይንቱን ከብርሃኑ አንጻር ደግሞ መሣልን ይጠይቃል። አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ እንደ መሥራት ነውና ወደ መካከለኛ ወይም ወደ ዝቅተኛ ማውረዱ ብዙ ያተርፋል። የማዕዘናት ጨለማ፣ የውኃ ላይ ነጸብራቅና በአየር ውስጥ የሚታይ የብርሃን ጨረርም እንዲሁ ብዙ በልተው ጥቂት የሚሰጡ ናቸው።

ቴክስቸር ግን የተለየ ጠባይ አለው። ሥዕሎቹ በምስል ሜሞሪው ውስጥ እስከ ተበቃቁ ድረስ ፍጥነትን እምብዛም አይነኩም፤ ከሞላ በኋላ ግን ጌሙ በየጊዜው እየቆመ ይሄዳል። ስለዚህ ሜሞሪው የሚችለውን ያህል ከፍ ማድረግ እንጂ ያለ ምክንያት ማውረድ አይገባም። ሁሉን ወደ ዝቅተኛ የሚያወርድ ተጫዋች ምንም ሳያተርፍ ግድግዳውንና ሣሩን ያደበዝዛል።

በመጨረሻም የፍጥነት መጠን ብቻ ሳይሆን የፍጥነት እርጋታ ይታሰብ። በሴኮንድ 60 ምስል ሲሆን ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ፣ 30 ሲሆን 33.3 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ማያ ላይ 30 ምስል እኩል ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ይታያል። 45 ግን እኩል ስለማይካፈል ዓይን መንገጫገጭን ይሰማዋል። ስለዚህ 45 ላይ ከሚዋልል ኮምፒዩተር ይልቅ 30 ላይ የተገደበው ያምራል፤ ሙቀቱንም ይቀንሳል። የዱም ሠሪዎች በ1993 ያደረጉት ገደብ ለጨርጨር ተራራ አየርም ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

አዲሱ ዘመን

በ2018 ኤንቪዲያ በትንሽ ስፋት የተሣለን ምስል በተማረ የስሌት ሥርዓት አማካይነት ወደ ትልቅ የሚያሳድግ ዘዴ አስተዋወቀ። ይህ ግን የሚሠራው በአዲሶቹ ካርዶቹ ላይ ብቻ ነበር። በሰኔ 2021 ኤ ኤም ዲ ያወጣው ኤፍ ኤስ አር የተባለው ዘዴ በአንጻሩ በአሮጌና በሌሎች ኩባንያዎች ካርዶች ላይም እንዲሠራ ተደርጎ ተዘጋጀ፤ የፕሮግራሙም ጽሑፍ በዚያው ዓመት ለሁሉም ክፍት ሆነ። ለፍጥነት በሚያደላው ደረጃው 1920 በ1080 ሆኖ የሚታየው ምስል በውስጥ የሚሣለው በ960 በ540፣ ማለትም በነጥቦቹ ሩብ ብቻ ነው። የቀረውን ስሌቱ ይሞላዋል። በሐሳብ ደረጃ ይህ የዱም አንዱን ረድፍ ሁለት ጊዜ የማሳየት ብልሃት ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ በተሻለ ሒሳብ ተመልሶ መጣ።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጌም ለሚጫወቱት ብቻ የሚተርፍ አይደለም። የምስል ምርጫ ሰንጠረዥ ያስገኘው ሐሳብ ቀላል ነው፦ መሣሪያው ከተጠቃሚው እጅ ሲደርስ ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንደሚያገኘው ሠሪው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ውሳኔ ለባለቤቱ ይተውለት። ርካሽ ኮምፒዩተር ያለው ሰው የዚያ ሥራ የመጨረሻው መሐንዲስ ነው።

በአገራችንም ይህን የተረዱ አሉ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ገበታ»ንና «ኩኩሉ»ን የሠራው ለእጅ ስልክ ነው፤ ሕዝቡ በእጁ የያዘውን መሣሪያ መነሻ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ግን የሚፈተኑት በዋና ከተማ ቢሮ ውስጥ ባለ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የሒሳብ መዝገብ ይሁን የጤና ጣቢያ ፋይል ወይም የተማሪ ምዝገባ፣ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም በመሰላ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሲቆም፣ የሚጉላላው ወረፋ የያዘው ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ ሴቲንግ ከፍቶ የሚያወርደው ነገር የለውም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች አንድን ሥራ ከማስረከባቸው በፊት «በጥሩ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ይታያል?» ከማለት አስቀድመው «በደካማው ላይ ምን ይቅር?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ምን እንደሚቀር አስቀድሞ ያሰበ ሠሪ ዋናው ነገር እንዳይቀር ያደርጋል።